ለመላክ አንድ አንቴና፣ ለመስማት ሌላ፦ ከግሪኒች እስከ አርድሮሳን

ጊዜው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1921 ነው። ስኮትላንድ ውስጥ፣ አርድሮሳን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ሜዳ ላይ አንድ ድንኳን ተተክሏል። ውጭ ዝናብና ነፋስ ነው። ውስጥ ሁለት ሰዎች የጆሮ ማዳመጫ አድርገው ተቀምጠዋል። አንዱ አሜሪካዊው ፖል ጎድሊ ነው። ሌላው ፒርሰን ይባላል። የማርኮኒ ኩባንያ ተቆጣጣሪ ነው። ጎድሊ የሚሰማውን አብሮ ሰምቶ እንዲያረጋግጥ ነው የመጣው።

ከእነሱ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ ግሪኒች ላይ ሌሎች ስድስት ሰዎች አሉ። ቦታው የአንዱ፣ የሚንተን ክሮንካይት ነው። የቀሩት ኤድዊን አርምስትሮንግ፣ ጆርጅ በርጋርድ፣ ኧርነስት ኤሚ፣ ጆን ግሪናንና ዎከር ኢንማን ናቸው። ሁሉም የአሜሪካ ሬዲዮ ክለብ አባላት ናቸው። የጣቢያቸው መጠሪያ 1ቢሲጂ ነው። የሚልኩት የሬዲዮ ምልክት አትላንቲክን ተሻግሮ ጎድሊ ጆሮ እንዲደርስ ነው።

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወራው ሞገዱን ስላመነጨው የቫኩም ቱቦ ነው። እውነት ነው፣ ቱቦው ትልቅ ነገር ሠርቷል። እኔ ግን ጉዳዩን ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ሽቦዎቹ ላይ ነው። ግሪኒች ላይ የተሰቀለውና አርድሮሳን ላይ የተዘረጋው ሽቦ በመልክም በሥራም አይገናኙም። ሁለቱም ግን ትክክል ነበሩ። ዛሬ በዝቅተኛ ድግግሞሽ፣ ማለትም በረጅም ሞገድ፣ ራቅ ያለ ቦታ መድረስ የሚፈልግ አማተር (ለደስታው ሲል ሬዲዮ የሚሠራ ሰው) አንቴና ሲመርጥ የሚቸገረው ይህን ባለማየቱ ይመስለኛል። አንድ አንቴና ፈልጎ በእሱ ሊልክም ሊሰማም ይሞክራል።

ችግሩ ምን ነበር?

የመጀመሪያው የአትላንቲክ ሙከራ የተደረገው በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ነው። የአሜሪካ አማተሮች ላኩ፣ የብሪታንያ አማተሮች ጆሮ ሰጡ። ምንም አልተሰማም። ድርጅታቸው፣ የአሜሪካ ሬዲዮ ሪሌይ ሊግ፣ ለሁለተኛው ሙከራ አንድ ጎበዝ አድማጭ ከነመሣሪያው ወደ ብሪታንያ እንዲሄድ ወሰነ። ጎድሊ የተመረጠው እንዲህ ነው። በኖቬምበር መርከብ ተሳፈረ።

የ1ቢሲጂ የሞገድ ርዝመት 230 ሜትር ነበር። በድግግሞሽ ሲሰላ 1.3 ሜጋኸርዝ ገደማ ይመጣል። ዛሬ እዚያ ቦታ የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሰፍረውበታል። የዛሬ አማተሮች ዝቅተኛ ባንዶች (የተፈቀዱላቸው የድግግሞሽ ክልሎች) ግራና ቀኙን ይዘዋል። 1.8 ሜጋኸርዝ ከላዩ ነው። 472 እና 136 ኪሎኸርዝ ከታቹ ናቸው። ስለዚህ ግሪኒች ላይ የነበረው ጣጣ የዛሬም ጣጣ ነው። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ደግሞ ይብሳል።

ጣጣው ከመጠን ይጀምራል። የሞገዱ ርዝመት 230 ሜትር ከሆነ ግማሹ 115 ሜትር ነው። ሩቡ 57 ሜትር ተኩል ነው። አንቴና በራሱ ጊዜ በደንብ የሚሠራው ከእነዚህ ርዝመቶች ጋር ሲመጣጠን ነው። ሃምሳ ምናምን ሜትር ምሰሶ ግን ማን ያቆማል? አማተር ያለው ጥቂት ምሰሶ፣ የተወሰነ ቦታና ሽቦ ነው። ስለዚህ አንቴናው ከሞገዱ አንጻር ሁልጊዜ አጭር ይሆናል። ምርጫው ከዚህ ይነሳል፦ አጭር መሆኑ ካልቀረ፣ በየትኛው መንገድ አጭር ይሁን?

ያልተመረጠው

ለአብዛኛው ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ ሽቦን በሁለት ዛፍ ወይም በሁለት ምሰሶ መካከል አግድም መወጠር ነው። በከፍተኛ ድግግሞሽ ይህ ግሩም አንቴና ነው። በ230 ሜትር ሞገድ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ሽቦውን 20 ሜትር ላይ ብንሰቅለው ከፍታው ከሞገዱ ርዝመት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ሽቦ ጉልበቱን የሚረጨው በአብዛኛው ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ነው። በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ ላለ ሰው ጥሩ ነው። ውቅያኖስ ተሻግሮ ላለ ሰው ግን ጨረሩ ከአድማስ ጋር ተጠግቶ፣ ዝቅ ብሎ መውጣት አለበት። አግድም ሽቦ ይህን እንዲያደርግ ከግማሽ ሞገድ ያላነሰ ከፍታ ይፈልጋል። 115 ሜትር ማለት ነው።

የቆመ ሽቦ ግን አጭርም ቢሆን ጨረሩን ወደ አድማስ ይልካል። ይህ ትልቅ ጸጋው ነው። ደካማ ጎኑ ሌላ ቦታ ነው፤ እሱም መሬት ውስጥ ተደብቋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

አስተላላፊው ወደ አንቴናው የሚሰጠው ጉልበት ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ድርሻ ሞገድ ሆኖ ይወጣል። ሌላው ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ በሽቦው፣ አጭሩን አንቴና ከሞገዱ ጋር በሚያስማማው የሽቦ ጥቅልልና በተለይም በመሬቱ ውስጥ። ባለሙያዎች ሁለቱንም በኦም ይለኩታል። ሞገድ ሆኖ የሚወጣውን የሚወክለው የጨረር ሬዚስታንስ ይባላል። የቀረው የብክነት ሬዚስታንስ ነው። የጨረሩ ቁጥር ከብክነቱ ሲበልጥ እናተርፋለን። ሲያንስ መሬት እናሞቃለን።

በቁጥር እንየው። የሚቀጥለው የራሴ ስሌት ነው፤ የግሪኒችን ትክክለኛ ከፍታ አይወክልም። 20 ሜትር ቀጥ ብሎ የቆመ ሽቦ በ230 ሜትር ሞገድ ላይ የጨረር ሬዚስታንሱ 3 ኦም ገደማ ነው። የመሬቱ ብክነት 12 ኦም ነው እንበል። ጠቅላላው 15 ኦም ሆነ። ከዚህ ውስጥ የሚወጣው 3ቱ ብቻ ነው፤ ማለትም 20 ከመቶ። 600 ዋት ብንሰጠው 480 ዋቱ አፈር ያሞቃል። 120 ዋት ብቻ ይጓዛል።

አሁን እዚያው 20 ሜትር ጫፍ ላይ አግድም ሽቦ እንጨምር። የቲ ፊደል ቅርጽ ይሰጠዋል። አግድሙ ሽቦ ራሱ ብዙ አይረጭም። ሥራው ሌላ ነው። ሽቦው አናቱ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ከረንቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየሳሳ ሄዶ ጫፉ ላይ ዜሮ ይሆን ነበር። አግድሙ ሽቦ ለከረንቱ መሄጃ ይሰጠዋል። ስለዚህ የቆመው ሽቦ ከታች እስከ ላይ በሙሉ ከረንት ይሠራል። የጨረር ሬዚስታንሱ ቢበዛ አራት እጥፍ ያድጋል፤ ከ3 ወደ 12 ኦም። ምሰሶው አንድ ሜትር እንኳ አልጨመረም። ብክነቱ እዚያው 12 ኦም ላይ ቢቆይ እንኳ ግማሹ ጉልበት ይወጣል። ከ600 ዋት 300ው ማለት ነው።

ግሪኒች ላይ የተሠራው ይኸው ነው። አንቴናው ቲ ቅርጽ ነበረው። የአግድሙ ክፍል ርዝመት 30 ሜትር ገደማ ነበር። ነጠላ ሽቦም አልነበረም። በዘመኑ ኬጅ ይሉት የነበረው ዓይነት ነው፤ በርካታ ሽቦዎች በክብ ቀለበቶች ዙሪያ ተወጥረው እንደ ረጅም ቱቦ ይሆናሉ። ወፍራም ቱቦ ከቀጭን ሽቦ የበለጠ ቻርጅ ይይዛል። ከረንቱም በብዙ ሽቦ ስለሚከፋፈል የሽቦው ብክነት ይቀንሳል። ጫፉ ላይ የሚጠራቀመው ቮልቴጅም ይረግባል።

ከእግር በታች ያለው ነገር

ሁሉም ሰው ሽቅብ ያያል። እነሱ ቁልቁልም አዩ።

ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሹ መሬቱ ነው። ወደ አንቴናው የወጣው ከረንት ተመልሶ የሚመጣው በአፈሩ በኩል ነው። አፈር ደግሞ መጥፎ ሽቦ ነው። ድንጋያማ ከሆነ ይብስበታል። አንድ የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሮ «ግራውንድ አለኝ» ማለት ለመብረቅ መከላከያ ይጠቅም ይሆናል። ለሞገድ ግን አይበቃም። ከረንቱ ከየአቅጣጫው በአፈር ውስጥ እየተንፏቀቀ ወደዚያች ዘንግ መድረስ አለበትና።

1ቢሲጂ አፈሩን ለማለፍ ካውንተርፖይዝ ተጠቀመ። ከአንቴናው ሥር ተነስተው እንደ ፀሐይ ጨረር ዙሪያውን የተዘረጉ፣ ከመሬት ከፍ ብለው የተወጠሩ ሽቦዎች ናቸው። የእያንዳንዱ ርዝመት 18 ሜትር ገደማ ነበር። ተመላሹን ከረንት ከአፈሩ በፊት እነሱ ይሰበስቡታል።

ወደ ስሌታችን እንመለስ። ብክነቱን ከ12 ወደ 4 ኦም ብናወርደው ጠቅላላው 16 ኦም ይሆናል። ከዚህ 12ቱ ጨረር ነው፤ 75 ከመቶ። 600 ዋት ሰጥተን 450ው ወጣ። ከ120 ዋት ተነስተን እዚህ የደረስነው ምሰሶ ሳናስረዝም፣ አስተላላፊውንም ሳንነካ ነው። አራት እጥፍ የሚጠጋ ትርፍ በሽቦ ብቻ ተገኘ። ያኔ ይህን ትርፍ በሌላ መንገድ ማግኘት ከባድ ነበር። ሕጉ ለአማተር ከ1 ኪሎዋት በላይ አይፈቅድም ነበር። እነሱም የሠሩት እዚያው ወሰን ላይ ተጠግተው ነው። ከወሰኑ በላይ መሄድ ካልተቻለ፣ የቀረው የተሰጠውን ጉልበት አለማባከን ነው።

ስለ አስተላላፊው ባጭሩ ልበል። አራት የቫኩም ቱቦዎች ነበሩት። አንዱ ሞገዱን ያመነጫል። ሦስቱ ያጎሉታል። አመንጪው ከአንቴናው ስለተለየ፣ ሽቦው በነፋስ ሲወዛወዝ ድግግሞሹ አብሮ አይዋዥቅም። ይህን ያነሳሁት አንቴናውን ስለሚነካ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ጣቢያ ላይ አንቴናው ራሱ የአመንጪው አካል ነበር። ሽቦው በተነቃነቀ ቁጥር ድምፁ ይሄዳል፣ ይመጣል። ጠባብ ድምፅ ለሚከታተል አድማጭ ይህ ራስ ምታት ነው።

አርድሮሳን

አሁን ወደ ድንኳኑ እንመለስ።

የጎድሊ ችግር የግሪኒች ችግር ግልባጭ ነው። የሚያባክነው ጉልበት የለውም፤ አይልክምና። የሱ ጠላት ጫጫታ ነው። በእነዚህ ድግግሞሾች ሩቅ ቦታ የሚመታ መብረቅ ሁሉ እየተንጫጫ ጆሮ ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ የትልልቅ ጣቢያዎች ትርፍራፊ ሞገድ አለ። መጀመሪያ ለንደን አካባቢ ሲያዳምጥ ይህ ትርፍራፊ አስቸገረው። ወደ ስኮትላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ የሄደው ጸጥታ ፍለጋ ነው።

እዚያ ሲደርስ ምሰሶ ላይ ረጅም አንቴና አልሰቀለም። በሜዳው ላይ 400 ሜትር የሚጠጋ አንድ ሽቦ ዘረጋ። ሽቦው የቆመባቸው እንጨቶች ከፍታ ከአራት ሜትር አይበልጥም። አቅጣጫው ወደ አሜሪካ ነው። ይህ የሃሮልድ ቤቨሬጅ አንቴና ነው። ቤቨሬጅ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በዚያው ዓመት በጁን ነው፤ ገና ትኩስ ነበር ማለት ነው።

የቤቨሬጅ አንቴና አሠራር ለጀማሪ ግራ ያጋባል፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ላስረዳው። ሞገድ በመሬት ላይ ሲጓዝ እግሩ አፈሩ ውስጥ ይጎተታል። በዚህ ምክንያት ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል። ይህ ዝንባሌ ከመሬት ብዙ ባልራቀው አግድም ሽቦ ላይ ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ሞገዱ ከሽቦው ጋር እኩል ሲሮጥ ትንሽ በትንሽ እየተደመረ ይሄዳል። ሽቦው መጨረሻ ላይ ተቀባዩ ይጠብቀዋል። 400 ሜትር ማለት በ230 ሜትር ሞገድ ከአንድ ሞገድ ተኩል በላይ ነው። መደመሪያ በቂ ሜዳ አለው።

ከጀርባ የሚመጣ ሞገድ ደግሞ የሚደመረው ወደ ተቃራኒው ጫፍ ነው። እዚያ ጫፍ ላይ በሽቦውና በመሬቱ መካከል ጥቂት መቶ ኦም ሬዚስተር ሲገባ፣ ያ ሞገድ ደርሶ ሙቀት ሆኖ ያልቃል። ተመልሶ ወደ ተቀባዩ አይመጣም። በጎን የሚመጣውም እርስ በርሱ ይጣፋል። በዚህም አንቴናው ወደ አንድ ወገን ብቻ ጆሮውን ያቀናል። ጎድሊ አሜሪካን እየሰማ፣ ከኋላው የነበረውን አውሮፓን ከነጫጫታው ገፋው።

አሁን ዋናውን ጥያቄ እንጠይቅ። ግሪኒች ለምን ይህን አንቴና አልተጠቀመም? ጎድሊስ ለምን ቲ አንቴና አልሰቀለም?

ቤቨሬጅ ብክነት የበዛበት አንቴና ነው። ከሚያልፈው ሞገድ የሚይዘው ጥቂት ነው፤ የያዘውንም በከፊል ለአፈርና ለሬዚስተር ይሰጣል። ቢላክበት ከተሰጠው ጉልበት አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ሲሰሙበት ግን ይህ ብክነት አይጎዳም። ምክንያቱም በዝቅተኛ ድግግሞሽ ከሰማይ የሚመጣው ጫጫታ ከተቀባዩ የራሱ ጫጫታ እጅግ ይበልጣል። ምልክቱም ጫጫታውም አብረው ቢቀንሱ ተቀባዩ ሁለቱንም መልሶ ያጎላቸዋል። የሚለየው ንጽጽሩ ነው፤ ከሚፈለገው ምን ያህል፣ ከማይፈለገው ምን ያህል ገባ። ግሪኒች የሚቆጥረው የሚወጣውን ዋት ነው። አርድሮሳን የሚቆጥረው ይህን ንጽጽር ነው። የሚቆጥሩት ስለሚለያይ የመረጡት አንቴናም ተለያየ።

የሆነው

ሙከራው ሌሊት ሌሊት ነበር። ቀን ላይ ፀሐይ የምትፈጥረው የታችኛው የአየር ንብርብር በዚህ ድግግሞሽ ያለ ሞገድን ይውጠዋል። ዲሴምበር ደግሞ በሰሜኑ ክፍል ሌሊቱ ረጅም ነው። በዚያን ጊዜ ሞገድ ውቅያኖስን የሚሻገረው ከሰማይ ተንጸባርቆ እንደሆነ ይገመት እንጂ ገና በሙከራ አልተረጋገጠም። ማረጋገጫው የመጣው በ1924 በኤድዋርድ አፕልተን ሙከራ ነው። እነዚህ ሰዎች መንገዱን ሳያውቁት ነው ልክ የሆነውን አንቴና የመረጡት። ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ጎድሊ የሰማው የስፓርክ ጣቢያ፣ ማለትም በቱቦ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚልክ ጣቢያ ነበር። የጠራው መጠሪያ 1ኤኤደብልዩ ነው። በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የመጠሪያው ትክክለኛ ባለቤት በዚያ ሌሊት አልላከም፤ ሌላ ሰው በስሙ ተጠቅሟል። ውቅያኖስ የተሻገረው የመጀመሪያው የአማተር ምልክት ባለቤት እስከዛሬ በስም አይታወቅም። አንድ ምልክት መስማትና ማን እንደላከው ማረጋገጥ ሁለት ነገር ነው።

ከዚያ 1ቢሲጂ መጣ። ዲሴምበር 11 ቀን የተጻፈ፣ 12 ቃላት ያሉት ሙሉ መልእክት አርድሮሳን ደረሰ። አድራሻው ለፖል ጎድሊ፣ አርድሮሳን፣ ስኮትላንድ ይላል። ይዘቱ ሞቅ ያለ እንኳን ደስ ያለህ ነው። ከሥሩ የስድስቱ ሰዎች ስም አለ። ከእነሱ አንዱ አርምስትሮንግ ነው። ጎድሊ ከያዛቸው ተቀባዮች አንዱ ደግሞ ሱፐርሄትሮዳይን ነበር፤ አርምስትሮንግ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ ሳለ የፈለሰፈው ዓይነት። የላኪው ስም በራሱ ፈጠራ በኩል ተነበበ።

ጎድሊ በዚያ ቆይታው ከ20 በላይ የአሜሪካ ጣቢያዎችን ሰማ። አብዛኞቹ በቱቦ የሚሠሩ ነበሩ። ጥቂት የብሪታንያ አማተሮችም ቤታቸው ሆነው ከአሜሪካ የመጣ ምልክት ያዙ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለኔ ክርክር ፈተና ነው፤ ዝም ብዬ ላልፈው አልፈልግም። በተራ የቤት አንቴና ከተሰማ ቤቨሬጁ ምን አመጣ? የኔ መልስ ይህ ነው። የቤት አድማጮቹ መስማታቸው የሚመሰክረው ለላኪዎቹ ነው። ጠንካራ ሞገድ ከወጣ፣ ጥሩ ሌሊት ላይ፣ ማንም ጆሮ ያለው ቁራጩን ይይዛል። ጣቢያን ለመለየት ቁራጭ ይበቃል። 12 ቃል ሳይዛነፍ ለመጻፍ፣ ከሌሊት ሌሊት ደግሞ ብዙ ጣቢያ ለመቁጠር ግን ጸጥ ያለ አንቴና ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱን በደረጃ አስቀምጡ ብባል የላኪውን ግራውንድ አስቀድማለሁ፤ የአድማጩ ቤቨሬጅ ይከተላል።

ዛሬ ይህን ለሚሞክር

1.8 ሜጋኸርዝ ላይ ነገሩ ከሞላ ጎደል ያው ነው። ሞገዱ 164 ሜትር ገደማ ነው። 15 ሜትር ምሰሶ ካላችሁ ሽቦውን 15 ሜትር ሽቅብ ውሰዱት። ከዚያ 26 ሜትር ያህል አግድም አስኪዱት። የተገለበጠ ኤል ይሉታል። ከቲ ጋር የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ የሚፈልገው ግን አንድ ረጅም ምሰሶና ራቅ ያለ ማሰሪያ ብቻ ነው። ከሥሩ ሽቦ አንጥፉ። ያላችሁ ሽቦ ውስን ከሆነ ጥቂት ረጅም ከማድረግ ብዙ አጭር ማድረጉ ይሻላል። ከፍተኛው ከረንት ያለው ከአንቴናው ሥር ነውና እዚያ ጠጋ ጠጋ ብለው ይኑሩ።

136 ኪሎኸርዝ ላይ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሞገዱ 2,200 ሜትር ነው። እዚያ አማተር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከተሰጠው ጉልበት በመቶ ከ1 በታች ብቻ በሚያወጣ አንቴና ነው። 12 ሜትር ከፍታ፣ ከላይ ሰፊ አግድም ሽቦ ያለው አንቴና የጨረር ሬዚስታንሱ 0.047 ኦም ያህል ነው። ብክነቱ 40 ኦም ቢሆን፣ ከ300 ዋት ውስጥ ሞገድ ሆኖ የሚወጣው 0.35 ዋት ነው። ተስፋ አያስቆርጥም። ዓለም አቀፉ ደንብ በዚያ ባንድ የሚፈቅደው ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢረጭ ተብሎ የሚሰላ 1 ዋት ነው። ከመሬት በላይ የቆመ አጭር አንቴና ደግሞ በዚህ ስሌት ሦስት እጥፍ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ 0.35 ዋቱ ልክ ወሰኑ ላይ ያደርሳል።

እዚያ ግን ከብክነቱ ይልቅ የሚያስፈራው ቮልቴጁ ነው። የአንቴናው ካፓሲታንስ፣ ማለትም ቻርጅ የመያዝ አቅሙ፣ 300 ፒኮፋራድ ቢሆን፣ በ136 ኪሎኸርዝ ለመስማማት 4.6 ሚሊሄንሪ የሚጠጋ ጥቅልል ይፈልጋል። 300 ዋት ሲገባ ወደ 2.7 አምፔር ይሄዳል። አንቴናው ሥር ከ10,000 ቮልት በላይ ይቆማል። ይህ የጨዋታ ነገር አይደለም። ሰው፣ በተለይ ሕፃን የማይደርስበት አጥር ያስፈልገዋል። እርጥብ ገመድ ይቃጠላል። የምሰሶ ሲኒውም ለዚህ የሚበቃ መሆን አለበት። ኬጅ ወይም ብዙ አግድም ሽቦ እዚህ ላይ ዋጋው ይታያል። ካፓሲታንሱ በእጥፍ ሲያድግ ቮልቴጁ በግማሽ ይወርዳል፤ ጥቅልሉም ያንሳል፤ ያነሰ ጥቅልል ደግሞ ያነሰ ብክነት አለው።

ለመስማት ግን ከጎድሊ ጊዜ የቀለለ መንገድ አለ። 400 ሜትር ሜዳ የሌለው ሰው በትንሽ ክብ ሽቦ መስማት ይችላል። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሉፕ እጅግ ደካማ ምልክት ይይዛል፤ ማጉያ ይፈልጋል። ነገር ግን ሁለት ድምፅ አልባ አቅጣጫዎች አሉት። ከጎረቤት የሚመጣ የቻርጀር ወይም የመብራት ጫጫታ ካለ ሉፑን አዙሮ ድምፅ አልባውን ጎን ለጫጫታው መስጠት ነው። በቤቨሬጅ የሚፈለገውን ትመርጣላችሁ። በሉፕ የማይፈለገውን ትጥላላችሁ። በዘመናዊ ሰፈር ውስጥ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይበልጥ ይጠቅማል።

አንድ ሰው 500 ሜትር ሽቦ ሰጥቶኝ በ1.8 ሜጋኸርዝ ውቅያኖስ ተሻገር ቢለኝ የማደርገው ይህ ነው። 41 ሜትሩን ለኤሉ እቆርጣለሁ። 24 ሽቦዎች፣ እያንዳንዳቸው 16 ሜትር፣ ከሥሩ ዙሪያውን አነጥፋለሁ፤ 384 ሜትር ሄደ። 75 ሜትር ይተርፈኛል። ለቤቨሬጅ አይበቃም። ከእሱ 12 ሜትሩን ወስጄ በየጎኑ 3 ሜትር የሆነ ሉፕ እሠራለሁ፤ ከላኪው አንቴና ቦታው የፈቀደውን ያህል አርቄ አቆመዋለሁ። የተረፈውን ወደ ግራውንዱ እመልሰዋለሁ።